ሙሽሪትና የደሴቲቱ ዙሪያ መንገድ

ሰፈሩ «ሙሽሪት» የሚላት ሙሽራ ሆና ስለማታውቅ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ቬሎ ስትሰፋ ኖራ፣ ለራሷ አንድም ቀን ነጭ ሳትለብስ ሃምሳን ተሻገረች። ቀልዱ መጀመሪያ ላይ ያማት ነበር። በኋላ ግን ስሟ ሆኖ ቀረና ለመደችው። የደንበኞቿ እናቶች እንኳ «ሙሽሪት፣ ወገቡን ትንሽ ሰብሰብ አድርጊላት እንጂ» ይሏታል።

እናቷ ስትሞት ታናናሾቿ ገና ልጆች ነበሩ። አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ቬሎአቸውንም እሷው ሰፋችላቸው። አብራት የቀረችው የመጨረሻዋ እህቷ ብቻ ናት። ሱቁ ውስጥ ቀሚስ ላይ ዶቃ ትተክላለች፤ አፏ እንደ መርፌ ይወጋል፣ ልቧ ግን ቅቤ ነው።

«በረዶ» የሚሉት ሰውዬ የመጣው በኮቱ ሰበብ ነው። ፍሪጅ ጠጋኝ ስለሆነ ቅጽል ስሙን የገበያው ሰዎች አወጡለት። ከሱቋ ጎን ያለውን የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ሲሠራ የኮቱን ገበር ሚስማር ያዘበትና ተቀደደ።

«ቬሎ ብቻ ነው የሚሰፉት ወይስ የሽማግሌ ኮትም ይጠግናሉ?» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ሽማግሌው የታለ?» አለች እህትየው።

ሳቀ። ኮቱ ተጠገነ። በሳምንቱ ኪሱ ተተረተረ፤ ቀጥሎ ደግሞ ቁልፉ ወለቀ። «እትዬ፣ ይሄ ኮት በገዛ እጁ አይደለም የሚቀደደው» አለች እህትየው፤ እውነቷን ነበር። ሚስቱ ከሞተች ዓመታት ያለፉት፣ አንድ ሴት ልጁንም ለባል ሰጥቶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው ነው። ቀስ በቀስ ተላመዱ፣ ከዚያም ተጋቡ። ሙሽሪት ቬሎ አልለበሰችም። «አሁን ብለብሰው ሰው አዲስ ናሙና መስሎት ዋጋ ይጠይቀኛል» ብላ ቀለደች።

ለሠርጋቸው ስጦታ የበረዶ ልጅ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ወደምትሞቅ፣ ዙሪያዋን ዘንባባ ወደ ከበባት አንዲት ደሴት።

«ዕድሜዬን ጭንቅላቴን ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ ኖርኩ። አሁን እስቲ ልሟሟ!» አለ በረዶ።

እሁድ ከሰዓት፣ ሱቁ ዝግ ሆኖ፣ ጉዞውን ለማቀድ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሙሽሪት ሰማያዊ ገበር ዘረጋችና ካርታውን ከስልክ ላይ እያየች ደሴቲቱን በልብስ ጠመኔ ሣለቻት። ሥዕሉ በደንብ ያልተላጠ ድንች መሰለ። በረዶ ጠመኔውን ተቀበላት።

«ከወደቡ ተነስተን በምሥራቅ በኩል እንዞራለን። እዚህ ጋ የመርከብ መብራት ማማ አለ። እዚህ፣ ሰው የሚሸከሙ ኤሊዎች ያሉበት አትክልት ቦታ። ጥቁር አሸዋው ደግሞ ወዲህ ነው፤ በጠዋት ነው የሚኬደው፣ ከቀትር በኋላ እግር ይጠብሳል።»

«ሄደህ ታውቃለህ እንዴ?»

«ኧረ የት! ሲወራ ሰምቼ ነው።» ጠመኔው ወደ መሃል ተሻገረ። «ፏፏቴው ይኸው። ከሁሉም በፊት እሱን ነበር የምትለው...»

ሙሽሪት ቀና አለች። «ማናት የምትለው?»

ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ። በረዶ መዋሸት አይችልበትም። ያን መንገድ ከሟች ሚስቱ ጋር አውጥተው አውርደው የጨረሱት ነበር። አንድ ዓመት ልጅ መጣች፣ አንድ ዓመት ጣሪያው አፈሰሰ፣ በመጨረሻ ሕመም ገባ። እንደታቀደ ቀረ፤ ልጅቷም ይህንኑ እየሰማች ስላደገች ነው ደሴቲቱን የመረጠችው።

ሙሽሪት አልጮኸችም። ገበሩን አጥፋ አስቀመጠች፣ ካውያውን ሰካች፣ የተተኮሰ ቀሚስ እንደገና መተኮስ ጀመረች።

በማግስቱ ለእህቷ ነገረቻት። «ዕድሜዬን የሰው ሠርግ ስሰፋ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ የሰው ጉዞ ልሂድ?»

እህትየው ለዚያ ቀን ቀልዷን ተወችው። በእጇ የያዘችውን ዶቃ አስቀመጠች። «እትዬ፣ ሚስቱን በቶሎ የሚረሳ ወንድ ብታገቢ ይሻልሽ ነበር?»

ሙሽሪት የተቀመጠውን ዶቃ አንስታ መርፌዋ ላይ ሰካችው።

ወደ ማታ በረዶ ከሥራ ሲመለስ ሳይቀመጥ ተናገረ። «ትኬቱን እናስለውጥ። ሌላ ቦታ እንሂድ፣ ካልሆነም ቤታችን እንሁን። አንቺን ላሳንስ ብዬ አይደለም። ስለ ባሕር የማውቀው ያንን መንገድ ብቻ ሆኖብኝ ነው።»

«ቁጭ በል» አለችው። ራሷም አጠገቡ ተቀመጠች። «ፏፏቴውን ለምን ወደደችው?»

በረዶ ጥያቄውን አልጠበቀም። «ልጅ ሆና ውሃ የምትቀዳው በወረፋ ነበር። ጀሪካኗን ይዛ ገና ሳይነጋ ነው የምትሰለፈው። ‹ማንም ሳይሰለፍለት ዝም ብሎ የሚወርድ ውሃ ሳላይ አልሞትም› ትል ነበር።»

ሙሽሪት ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ እንባ ሆነባት። የእሷም ልጅነት ጀሪካን ነበር።

«ፏፏቴውን እናያለን» አለች። «እሱ የሷ ነው፣ አይነካም። ሌላውን ግን አጥፋው።»

«እሺ። አንቺስ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ቀላል ጥያቄ ነበር። ሙሽሪት ግን ሌላውን ስትጠይቅ የኖረች ሰው ናት፦ እጅጌው ይርዘም ወይስ ይጠር፣ ዳንቴሉ የት ይግባ፣ ዘርፉ መሬት ይንካ አይንካ። እሷን ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው አልነበረም። «ላስብበት» አለች።

ሳምንቱን ሙሉ አሰበች። አፏ ላይ ስፒል ይዛ የሙሽራ ዘርፍ ስትለካም ታስባለች። እህትየው አላስቻላትም፤ «ዓሣ በያ! ጀልባ በያ! አንድ ነገር በይ፣ ወይ እኔ ልሂድልሽ!» ትላለች።

እሁድ ሲደርስ ሰማያዊውን ገበር ዘረጋች። በረዶ የድሮውን መስመር ጠርጎት ነበር፤ መሃሉ ላይ ፏፏቴው ብቻ ቀርቷል። ሙሽሪት ጠመኔውን አንስታ ዳር ዳሩን አንድ መስመር ዞረችበት።

«በተራ አውቶቡስ ዙሪያውን መሄድ ነው የምፈልገው» አለች። «መስኮቱ ጋ ተቀምጬ። ማንም ‹ነይ ይሄን እይ፣ ያንን እይ› ሳይለኝ። ደስ ባለኝ ቦታ እወርዳለሁ፤ ካላሰኘኝ አልወርድም።»

«ኤሊዎቹስ?»

«ኤሊ የት ይሄዳል? ይደርሳል።»

«ጥቁሩ አሸዋስ?»

«ካሰኘኝ።»

በረዶ ግንባሯን ሳማት። «አለቃዬ አንቺ ነሽ» አለ።

ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ያካፋ ነበር። በረዶ ኮፍያውን አውልቆ ከፏፏቴው ፊት ካለው አጥር ጋ ቆመ። ሙሽሪት ዣንጥላውን በእሱ ላይ ብቻ ዘርግታ ቆመች። ዞር ብሎ አያት።

«ኧረ በስብሰሻል!»

«ያለ ወረፋ ያገኘሁት ውሃ ነው፣ ተወኝ» አለችው።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። መስኮቱ የእሷ ሆነ። ሙዝ የያዙ ሴቶች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ባሕሩ በዘንባባዎቹ መሃል ብቅ እያለ ይደበቃል። መብራት ማማው ጋ በረዶ «እንውረድ?» አላት፤ «አይ» አለች። ኤሊዎቹ ጋም «አይ»። እሱም ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። አንድ ኩርባ ላይ ግን፣ አጭር የድንጋይ ግንብና አንድ የማንጎ ዛፍ ባለበት፣ ሙሽሪት ድንገት ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ!»

ቋንቋዋን የሚያውቅ ማንም አልነበረም። ሹፌሩ ግን ገባውና ቆመ።

በረዶ ግራ ቀኙን አየ። «እዚህ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አለች ፊቷ በርቶ። «እስቲ ቁጭ በል።»

ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ባሕሩ ሰደዱ። ነፋሱ ለስላሳ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በረዶ ትከሻዋን ተንተርሶ እንቅልፍ ወሰደው። ሁለተኛው አውቶቡስ በኩርባው ብቅ ሲል ሹፌሩ ቀስ ብሎ ጥሩንባውን ሊነካ አለ። ሙሽሪት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ከዚያ በእጇ «ሂድ፣ ሂድ» አለችው።