ኑግ የመሰለው ዘር

በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ይህን ያስታወሰኝ የትናንቱ ሽታ ነው። ጅማ ሐኪም ቤት ሐኪሟ ከልጅነቴ ጀምሮ እየዳነ ከሚያገረሽ የእግሬ ቁስል ሥጋ ቆርጣ ለምርመራ ወሰደች። ደሙን ልታቆም ስትተኩሰው የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝና ጠረጴዛዋን በርግጫ ገለበጥኩት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አጋሮ ሳለሁ የተገረዘ የቡና ጉቶ የውስጥ እግሬን ወጋኝ። ዓመት ቆይቶ አበጠ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነ፣ ከመግሉ ጋር ኑግ የመሰለ ጥቁር ዘር ይወጣ ጀመር። ያሳደገኝ አጎቴ አባ ቢያ አየና፣ "የትል እንቁላል ነው፤ ሳይፈለፈል ይቃጠላል" አለ። የቡና መግረዣ ገጀራውን ፍም ውስጥ ከተተ። ሦስት ቡና ለቃሚዎች ተቀመጡብኝ። የአጎቴን እጅ አጥንቱ ድረስ ነከስኩት፤ እሱም በቡጢ ጥርሴን አወለቀው።

"ኦብሲ! ቻል እንጂ! እግርህ ከሚቆረጥ ብትጠላኝ ይሻለኛል። ቢስሚላህ!" ብሎ የጋለውን ብረት ቁስሉ ውስጥ ሰደደው። ሲጨርስ፣ "የቀረውን ነገ" አለኝ።

ሐኪሟ ትናንት ጠረጴዛዋን እያነሳች፣ "አባባ፣ ትል አይደለም፤ ፈንገስ ይመስለኛል። ለወራት የሚዋጥ መድኃኒት አለው፤ አጥንት ከገባ ግን እንጃ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ የድሮ ጠባሳ፣ ማነው እንዲህ ያረደዎት?" አለችኝ።

"የሚወደኝ ሰው" አልኳት።

ያኔ ግን ይሄ አልታየኝም። በነጋታው ጠዋት ከአባ ቢያ ቀድሜ ተነሳሁና በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ገጀራውን ፍም ውስጥ ከተትኩት። ከቤት ሲወጣ የቀላውን ብረት ወደ እግሩ ቀሰርኩና አንቱታውን ትቼ፣ "በል አሁን አንተ ኦብሲ!" አልኩት።