ፈንገሱ የተገኘበት እጅ

ሲስተር ሻሺቱ ከዶርዜ ወርዳ አርባ ምንጭ ነርስነት ከተማረች ወዲህ ዕድሜዋን ያሳለፈችው እዚያው ከተማ በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ሌሎቹ ለመንካት ሲፈሩ፣ እሷ አቅፋ የእናቱን ወተት በማንኪያ ጠብ እያደረገች ታጠጣዋለች። ጓንት ሲጠፋ እጇን በሳሙና ፈትጋ፣ በበረኪና አለቅልቃ ትገባለች። ከውሃው ብዛት የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ከሥሩ አብጦ ነበር። ሲጠይቋት “ሥራ ነዋ” ብላ ታልፈዋለች።

በዚያ በልግ ሕፃናቱ ይረግፉ ጀመር። ድንገት ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል፣ መጥባት ያቆማሉ፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። አንቲባዮቲክ ቢቀያየርም አልመለሳቸውም። የሞቱትን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ለእናቶቻቸው የምታስረክበው ሻሺቱ ነበረች። ከምዕራብ ዓባያ የመጣችው ልክነሽ ልጇን ስትቀበል አልጮኸችም። የሻሺቱን እጅ ሳመችና “ለፍተውለት ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ” አለቻት።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ዘርአብሩክ በሕፃናቱ ደም ውስጥ ያገኘው ባክቴሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነበር። ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ሌሎችም መታመማቸው አይቀርም። ስለዚህ ከማሞቂያ ሳጥኖቹ፣ ከቧንቧው፣ ከኦክስጅን ቱቦው ናሙና ወሰደ። ሻሺቱ እየተከተለች “ከመደርደሪያው ሥርም ውሰድ፤ ምንም እንዳታስቀር” ትለው ነበር። በመጨረሻ የሠራተኛውን ሁሉ እጅ በጥጥ ጠረገ። እሷም ዘረጋችለት።

ውጤቱ ሲደርስ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ድረስ መጣና በሩን ዘጋ።

“ሲስተር፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ።”

“ቧንቧው ነው አይደል? ብዬ ነበር እኮ!”

“ቧንቧው ንጹሕ ነው።” ወለሉን አየ። “ከጥፍርዎ ሥር ነው የተገኘው። ከልጆቹ ደም ካገኘነው ጋር አንድ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ እጅ ላይ ይራባል። እርስዎ አላጠፉም፣ ጓንት ቢኖር ኖሮ…”

“የትኞቹን?” አለችው። “የትኞቹን ልጆች ነው?”

ዘርአብሩክ የውጤቱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ያኔውኑ ከክፍሉ አነሷት። ከዚያ በኋላ በዚያ በሽታ የታመመ ሕፃን አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ‘ምናልባት ላቦራቶሪው ተሳስቶ ይሆናል’ እያለች ትጽናና ነበር፤ ይህን ካየች በኋላ ግን ያም መጽናኛ ቀረባት።

የሆስፒታሉ አለቆች ነገሩ እዚያው እንዲቀር አሳሰቡ። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች፤ ሚኒባስ ተሳፍራ ምዕራብ ዓባያ ወረደች። ልክነሽ ሙዝ ማሳው ዳር ስታያት ደስ ብሏት በርጩማ አቀረበችላት። ሻሺቱ ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረቻት።

ልክነሽ በርጩማውን መልሳ አነሳች። “እስካሁን እግዜር ነው የወሰደው ብዬ እተኛ ነበር። አሁን ምን ልበል?”

“ሳልነግርሽ መኖር ከበደኝ።”

“አንቺን ከበደሽና ለእኔ አመጣሽው?” ከ‘እርስዎ’ ወደ ‘አንቺ’ የወረደችው ያኔ ነው። “ሂጂልኝ።”

አልሸኘቻትም።

የሻሺቱ ጥፍር ቆይቶ በመድኃኒት ዳነ። ወደ ክፍሉ እንድትመለስ ቢለምኗትም እምቢ ብላ ካርድ ክፍል ተመደበች። አንድ ቀን ልክነሽ ሌላ ልጅ አርግዛ ለክትትል መጣች። ሻሺቱ ካርዷን ፈልጋ በመስኮቱ ሰጠቻት። ልክነሽ ተቀበለች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም። ከኋላዋ ያሉት ይጠብቁ ስለነበር ሻሺቱ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።