ሐኪሟ እህቴና ስቅታ የያዘው ጠያቂ

እህቴ ሩማይሳ ፈሪ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የማወጋችሁን ሰምታችሁ ሌላ ስም እንዳታወጡላት ነው። እዚሁ ከተማችን ሙልታን፣ በምትሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ አንድ ጎረምሳ ዱላውን እየወዘወዘ “ዶክተሩ የታለ?” ብሎ ሲገባ፣ “ዶክተሩ እኔ ነኝ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፍና ና፣ ይሄን እግር ያዝልኝ” አለችው። ያዘላት። የገዛ አጎቱን እግር አስይዛ ሰፋች። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምሳ ላደርስላት ሄጄ ነበር። ደሙን አይቼ ስንገዳገድ ደግፎ ወንበር ላይ ያስቀመጠኝም ያው ጎረምሳ ነው።

ይህችው ልጅ ግን “እስቲ ስለራስሽ ንገሪን” ሲሏት ምላሷ ይተሳሰራል። ልጅ ሆና አንደኛ ወጥታ ሽልማት ስትቀበል፣ “ተሳስታችሁ እንዳይሆን፣ እንደገና ደምሩት” ብላ ርዕሰ መምህርቷን ግራ ያጋባች ናት። በሕክምና ስትመረቅ “ፈታኙ አዝኖልኝ ነው” አለች። ወደ አሜሪካ ሄዶ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሰጠውን ያን አንገት የሚያስደፋ ፈተና በጥሩ ውጤት ስታልፍ ደግሞ፣ ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ውጤት ሰጥቷት እንደሆነ ብላ፣ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ስትጠብቅ ሰነበተች። አባታችን “ልጄ፣ የሰው ነገር ከያዝሽ በሰላም መልሺ” እያለ ይቀልድባት ነበር።

ፈተናውን ያለፈ ሐኪም ለብዙ ሆስፒታሎች ያመለክታል፤ የወደዱት ለቃለ መጠይቅ ይጠሩታል። እሷን ሦስት ሆስፒታሎች ጠሯት። ጥያቄው በኮምፒውተር ስለሆነ መሄድ አያስፈልግም፤ የእነሱ ጠዋት የእኛ ማምሻ ነው፣ በቃ። የመጀመሪያው የዋለው ጭጋጉ መንገዱን በዋጠበት በብርዱ ወር ነው። ሩማይሳ ከላይ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ጥቁር ኮት፣ ከታች የእናታችንን የሱፍ ካልሲ አድርጋ ሳሎን ተቀመጠች። አባባ ቴሌቪዥኑን ዘጋ። እማማ ባቄላውን ከነድስቱ ከምድጃው አወረደች፤ ያ ድስት ሲያፏጭ ባቡር የመጣ ይመስላል። እኔ ኮሪደሩ ላይ የኢንተርኔቱን ሳጥን እንድጠብቅ ተሾምኩ።

እንግሊዝኛዬ የጨርቅ ነጋዴ እንግሊዝኛ ነው፤ ያም ሆኖ የሰማሁት ገብቶኛል። አንዲት ሴት በጣፋጭ ድምፅ “ስለራስሽ ንገሪን” አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሳጥኑን አየሁት፤ መብራቱ ይበራል። ከዚያ የእህቴ ድምፅ መጣ፦

“ሴት፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፤ ነዋሪነቷ ሙልታን። ከዚህ በፊት የታወቀ ሕመም የለባትም። አታጨስም። የማይስማማት መድኃኒት የለም።”

ማን ታሞ ነው ብዬ ተነሣሁ። ራሷን እንደ በሽተኛ እያቀረበች ነበር!

“እና ዋናው ችግሯ ምንድን ነው?” አለች ሴትየዋ፣ ሳቋን እየዋጠች።

“መንቀጥቀጥ” አለች ሩማይሳ። “ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ።”

ሳቁ ኮሪደሩ ድረስ መጣ። ከዚያ በኋላ የተባለውን እሷም አታስታውሰውም። ወጥታ ከነኮቱ አልጋዋ ላይ ወደቀችና ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ተከናነበች።

“ሳቁብኝ፣ ጋሼ” አለችኝ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

“በደግ ስቀውም እንደሆነ ምን ይታወቃል?”

“አንተ ጨርቅ ሽጥ!”

በማግስቱ እማማ ስልክ ደውላ ኖሮ አክስታችን ሻምሻድ መጣች። አክስቴ ሻምሻድ በሰፈራችን የታወቀች አጋቢ ናት። ወንዱንም ሴቱንም አስቀምጣ ስትጠይቅ ፖሊስ ያስቀናል። ነጭ ሻሏን አጣፍታ፣ የለውዝ ሰሃን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሩማይሳን ፊት ለፊቷ አስቀመጠች።

“አሜሪካኖቹ ምን ጠየቁሽ?”

“‘ድክመትሽ ምንድን ነው’ የሚል ጥያቄ አላቸው አክስቴ። እሱን ከጠየቁኝ አለቀልኝ።”

“ይሄ ነው ያስጨነቀሽ? እኔ እኮ እንጀራዬ ነው! እንቅልፋሙን ‘ቤቱን የሚወድ’፣ ለፍላፊዋን ‘እንግዳ የምታከብር’፣ የፊት ጥርስ የሌላትን ‘ሳቋ ቁጥብ ነው’ ብዬ ድሬያለሁ። አንቺም ‘ድክመቴ ሥራ ስወድ ልክ የለኝም’ በያቸው።”

“እሱማ ውሸት ነው።”

“ውሸት አይደለም፤ ልብስ ማልበስ ነው። እርቃኑን ገበያ የወጣ አይተሻል?”

እንዲህ ተጀመረ። በየማምሻው አክስቴ ትጠይቃለች፣ ሩማይሳ ትመልሳለች፣ እማማ በር ላይ ቆማ ማርክ ትሰጣለች። ከሥራ ባልደረባሽ ጋር ተጋጭተሽ ታውቂያለሽ? ለምን ይሄን ሙያ መረጥሽ? የዛሬ አሥር ዓመት የት ትሆኛለሽ? ለዚህኛው አክስቴ ራሷ መልስ አላት፤ “የሦስት ልጆች እናት” የሚል። እሱ አሜሪካ አይሠራም ብለን በስንት ልመና አስጣልናት። ሩማይሳ መልሶቹን ሁሉ ሸመደደች። እንቅልፍ ላይ ሆና ሳይቀር “ከባልደረባዬ ጋር በግልጽ ተነጋግረን ተግባባን” ስትል ሰምቻታለሁ።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ሲደርስ አልተንቀጠቀጠችም። እንደ ሐውልት ነበረች። መልሶቹ እንደ ወፍጮ ዱቄት ይወርዱ ጀመር፤ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ “እሰይ የኔ አንበሳ!” አልኩ። ችግሩ የመጣው ጠያቂው ሰውዬ ቀለል ያለ ጨዋታ ሲያምረው ነው።

“የእረፍት ቀንሽን እንዴት ታሳልፊያለሽ?”

እሱን አላጠናችውም። ቀጥሎ የተደረደረው መልስ ግን ዝግጁ ነበርና በራሱ ወጣ፦ “መጀመሪያ ከባልደረባዬ ጋር እጋጫለሁ። ከዚያ በግልጽ ተነጋግረን እንግባባለን።”

ሰውየው “ይሄ... በየሳምንቱ ነው?” አለ።

በዚህ ጊዜ አልጋዋ ላይ አልወደቀችም፤ ጣራው ላይ ወጣች። እዚያ የምትወጣው ነገሩ ሲብስ ነው። ለውዝ ይዤ ተከተልኳት።

“ሦስተኛውን እሰርዘዋለሁ” አለች። “ጋሼ፣ ምን እንደሚመስለኝ ታውቃለህ? አንድ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ስሄድ አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ‘ይቅርታ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?’ የሚለኝ ይመስለኛል። እውነቱን እንደነገረኝ ገብቶኝ ነጩን ጋዋን አውልቄ እሰጠዋለሁ።”

“ዱላ ይዞ የመጣው ጎረምሳ ያንኑ አይደል ያለሽ? አልሰጠሽውም እኮ።”

“እሱ ሌላ ነው። እዚያ የሚደማ ሰው ነበር። ሰው እየደማ ስለራሴ የማስብበት ጊዜ የለኝም።”

“እዚህስ?”

“እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኛ! አፍጥጠው የሚያዩት እኔን ነው።”

ለውዝ ፈለፈልኩላት። ደህና ነገር መናገር ሲያቅተኝ የማደርገው እሱን ነው።

ሦስተኛውን ያልሰረዘችው በአባባ ምክንያት ነው። አባባ በመስጊድ ለሚያውቀው ሁሉ ነግሮ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዱዓ አድርጎላት ጨርሷል። “ያን ሁሉ ሰው ምን ልበለው? ዱዓውን መልሱ ልበል?” አላት። ስለዚህ ኮቱን ለበሰች፣ ካልሲውን አደረገች፣ ተቀመጠች። አክስቴ ሻምሻድ፣ ሁለተኛውን ጊዜ በስልክ ብቻ ሰምታ ስለተቆጨች፣ “በሩ ጥግ ሆኜ ትንፍሽ አልልም፣ ወላሂ” ብላ ገባች።

ጠያቂው ዶክተር ሆልብሩክ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሳሳ፣ ክራባታቸው እንደ ቢራቢሮ የታሰረ ሽማግሌ ነበሩ። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ቦታቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዶክተር ሩማ... ህቅ!” አሉ።

አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ።

“ይቅርታ። እስቲ ስለራ... ህቅ! ስለራስ... ህቅ!” ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። “በጣም አዝናለሁ። ከቁርስ ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል። ካንቺ በፊት የነበረው ልጅ ፊት አሳፍሮኝ... ህቅ!”

የእህቴ ጀርባ ሲቃና አየሁ። እውነት እላችኋለሁ፣ ወንበሯ ላይ ያለው ሰው ተለወጠ።

“ከቁርስ ጀምሮ ነው ያሉኝ?” አለች። “ደረትዎን ያምዎታል?”

“የለም።”

“መዋጥ ያስቸግርዎታል? አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ?”

“የለም፣ ዶክተር” አሉ ሽማግሌው፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው። “ቶሎ ቶሎ በላሁ መሰለኝ።”

“ጥሩ። አየር በረጅሙ ያስገቡ። ይያዙት። አፍዎን ዘግተው ወደ ታች ይግፉት። አይልቀቁ፣ አይልቀቁ... አሁን ይልቀቁ።”

ለቀቁ። ጠበቅን። “ህቅ!”

በዚህ ጊዜ ወላሂ ያለችው አክስቴ መሐላዋን ረሳች። “ስኳር! አንድ ማንኪያ ስኳር ደረቁን ዋጥ ያድርጉ በያቸው!” ብላ ጮኸች።

“ማን ነው?” አሉ ዶክተር ሆልብሩክ ዙሪያቸውን እያዩ።

ሩማይሳ ዓይኗን ጨፈነች። “አክስቴ ናት። ስኳር ይዋጡ እያለችዎት ነው። እውነት ለመናገር አንዳንዴ ይሠራል።”

ሰውየው ተነሥተው ሄዱ። ባዶ ወንበር ለረጅም ጊዜ አየን። ትንሽ የስኳር ፓኬት ይዘው ተመለሱ፣ አፋቸው ላይ ገለበጡት፣ ዋጡ። አክስቴ የመድኃኒቷን ውጤት ለማየት ሳታስበው እየተጠጋች መጥታ የሩማይሳ ትከሻ ላይ ደረሰች። እኔም በሩን ከፍቻለሁ። አራታችንም ትንፋሻችንን ይዘናል።

“ህቅ!”

“እንግዲህ ማስደንገጥ ነው” አለች አክስቴ።

አፏን ሳትዘጋ መብራት ጠፋ። በሰፈራችን መብራት መጥፋቱ ወግ ነው፤ ኮምፒውተሩም የኢንተርኔቱ ሳጥንም በባትሪ ስለሚሠሩ መስመሩ አልተቋረጠም። የተቋረጠው የሳሎኑ ብርሃን ነው። ከዚያኛው ወገን ለሚያይ ሰው የሚታየው በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ከታች የበራ የእህቴ ፊትና፣ ከትከሻዋ በላይ ነጭ የተከናነበች፣ አፏን የከፈተች አሮጊት ብቻ ነበር።

ዶክተር ሆልብሩክ ጮኹ። ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ተንሸራተው ከመደርደሪያው ጋር ተላተሙ፤ አንድ መጽሐፍ ወደቀባቸው።

“ዶክተር! ደህና ነዎት?” አለች ሩማይሳ። “መብራት ሄዶ ነው፤ አይስጉ!”

እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀጣዩን ስቅታ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደማያምን ሰው፣ “ሄደ” አሉ። “ሄደልኝ!”

“ማሻአላህ!” አለች አክስቴ፣ መሄዱን ከፊታቸው አንብባ።

ሽማግሌው እስኪያነቡ ሳቁ። ሩማይሳም ሳቀች። እኔ የስልኬን መብራት አበራሁ፤ አክስቴንም በክንዷ ይዤ አወጣኋት፤ ለመውጣት ፈቃደኛ አልነበረችም፣ ስለ ሰውየው የጋብቻ ሁኔታ ልትጠይቅ ነበር።

“እና የት ነበርን?” አሉ ዶክተር ሆልብሩክ።

“ስለራሴ ልነግርዎት ነበር” አለች። “ግን ልደብቅዎት አልችልም፣ ስለራሴ ሲጠይቁኝ እርበተበታለሁ። ከዚህ በፊት ራሴን እንደ በሽተኛ አቅርቤአለሁ። ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የማይስማማኝ መድኃኒት፣ ሁሉንም።”

“እንዲያውም የሚጠቅም መረጃ ነው” አሉ። “እኔ ያንቺ ዕድሜ ሳለሁ የክፍሉን ኃላፊ፣ ሁሉም የሚንቀጠቀጥላትን ሴትዮ፣ ‘እማዬ’ ብዬ ጠርቻታለሁ። እጅ እየጨበጥኳት።”

“እሳቸውስ ምን አሉዎት?”

“‘ተቀመጥ ልጄ’ አለችኝ።”

ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሆነ። ስለ ድንገተኛ ክፍሉ ነገረቻቸው፤ አልጋ ሲጠፋ ሁለት በሽተኛ በአንድ አልጋ እንዴት እንደሚተኛ፣ አንድ ቀን በስህተቷ ምን ያህል እንዳለቀሰችና በማግስቱ እንዴት እንደተመለሰች። ድክመቷን ሲጠይቋት ልብስ አላለበሰችውም። “ጥሩ ነገር ሲገጥመኝ የኔ መሆኑን ለማመን ጊዜ ይፈጅብኛል” አለች። እሳቸው ምንም ሳይጽፉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውጤቱ የመጣው በረመዳን ነው፤ ፆም ገና እንደፈታን፣ የሽንብራ ዱቄት ጥብሱ ከዘይቱ እንደወጣ። ሩማይሳ ስልኳን ሶፋ ትራስ ስር ቀብራ እላዩ ላይ ተቀምጣለች። “እኔ አላየውም” አለች። ከስሯ መንጭቄ አወጣሁትና አነበብኩት። አሜሪካ ሆስፒታል መመደቧን ብቻ ይናገራል፤ የት እንደሆነ የታወቀው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። የዶክተር ሆልብሩክ ሆስፒታል ነበር። በዚያች ማታ ግን አባባ ቴምሩን እንደያዘ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ወረደ። እማማ ጎረቤት ለጎረቤት ጣፋጩን ሐልዋ ስታድል አመሸች። አክስቴ ሻምሻድ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኞቿን “አሜሪካ ድረስ ሐኪም ያስገባሁ ነኝ” ትላለች፤ የምታስከፍለውም በዚያው ልክ ጨምሯል።

ሩማይሳ ግን ጥብሱን ይዛ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

“ጋሼ፣ ተሳስተው ቢሆንስ?”

“ተሳስተው ከሆነ እስኪነቁ ድረስ ብዙ ሰው ታክሚያለሽ።”

በጥብሱ ወረወረችኝ። ከዚያ የምሽት ተረኛ ስለነበረች ጋዋኗን ከማድረቂያው ገመድ አውርዳ፣ እርጥብ መሆኑን እያጉረመረመች፣ ባለሦስት እግሯን ሪክሻ ጠርታ ሥራዋ ሄደች።