ፕላቲኒየሜ በጥርስ ምድጃ

ከትናንት ወዲያ ጠዋት... ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤት ውስጥ እንቆራጠጣለሁ። ጥርሴ ደህና ነው። የመጣሁት ጥርሱ ለሚጋገርበት ምድጃ ነው።

ኮምቦልቻ ያለው የላብራቶሪያችን ምድጃ ከተቃጠለ ሰነባብቷል። የማስተርስ ጥናቴን የማስረከቢያው ቀን ደግሞ ደርሶብኛል። ሥራዬ ዜኦላይት በሚባል፣ ለዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነጭ ዱቄት ውስጥ የፕላቲኒየም አተሞችን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ተለያይተው ሲቀመጡ ከፕሮፔን ጋዝ ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃሉ፤ ከሚቀረው ጋዝ የማዳበሪያ ጆንያ ፕላስቲክ ይሠራል።

ችግሩ ዱቄቱ በጣም በዝግታ መሞቅ አለበት። ከተቸኮለ አተሞቹ ይሰባሰቡና ይጠቁራል፤ ልፋቴም ገደል ገባ ማለት ነው። ያለኝ ፕላቲኒየም ደግሞ ያው ብቻ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ እንድሪስ ትልቅ ሰው ናቸው። ምድጃውን በደቂቃ አንድ ዲግሪ ብቻ እንዲጨምር አብረን አስተካከልነው። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ቁጥሩን አየሁ... ሰዓቴን አየሁ... በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ታሞብሻል እንዴ?»

«ኧረ የለም ጋሼ። ይሄ ነገር አልደርስ ብሎኝ ነው።»

«እሽ፣ ሂጅ ምሳሽን ብይ። እኔ አለሁልሽ። ወላሂ ዓይኔን አልነቅልም።»

ሄድኩ። በላሁ ለማለት ያህል በላሁ፤ ፒያሳን ደግሞ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ገና ግማሹ ላይ ይሆናል ብዬ ስመለስ... ምድጃው ተከፍቷል። ጋሽ እንድሪስ ዱቄቴ ያለባትን ሳህን በመቆንጠጫ ይዘው ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

«ጭንቀትሽን አይቼ አንጀቴን በላሽኝ። እሳቱን ከፍ አደረግሁልሽ፤ ይኸው ደረሰ። በጊዜ ቤትሽ ግቢ።»

አየሁት። ነጩ ዱቄት ጠቁሮ አመድ መስሏል።

መጮኽ አማረኝ... ግን በማን ላይ?

«ምነው? ጥሩ አልሆነም?» አሉ ፊቴን እያዩ።

«ኧረ በጣም ነው የደረሱልኝ። ይስጥልኝ ጋሼ።»

መረቁኝ። «አሚን» ብዬ ወጣሁ። በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ኮምቦልቻ ስደርስ አማካሪዬ ደወለ። «ምድጃው ፈጥኖብኝ ነው» አልኩት።

ውሸቴን ነው... ወንበሩ ላይ አርፌ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ማንም አዝኖልኝ እሳቱን ከፍ አያደርግም ነበር።