ከትከሻ በላይ ያለው ግድግዳ

እኔ ኸይሪያ ነገር አፌ ላይ የማያድር ሴት ነኝ። ከሱቄ የሚገዛ ሁሉ ያውቃል፤ ሽንኩርቱ ከጠወለገ ጠውልጓል እላለሁ፣ ደስ ያላለው ይሂድ። በሕይወቴ አፌን ዘግቼ የያዝኩት ነገር አንድ ነው። እሱም እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እትዬ ይመኙሻል ጎረቤቴ ናቸው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ባላቸው ቀድመው ሞቱባቸውና በትምህርት ቤት ጽዳት እየሠሩ አንድ ልጃቸውን ተስፋሁንን አሳደጉ። ቦንጋ ውስጥ እሳቸውን ከሌላው ሰው የሚለያቸው መግቢያቸው ነው። ከበሩ ወደ ሳሎን የሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ በየዓመቱ ለመስቀል አዲስ ይሆናል። መጀመሪያ በጭቃና በእበት ይለስኑታል። ከዚያ ከታች እስከ ጉልበት ቀይ አፈር፣ ከጉልበት በላይ ነጭ አፈር ይቀቡታል። ነጩ ላይ በጣታቸው የቡና ቅርንጫፍ ይስላሉ፣ ፍሬውን በቀይ ነጠብጣብ። «የሰው ቤት የሚታወቀው ከመግቢያው ነው» ይሉኛል፣ የኔን መግቢያ የዘይት ጀሪካን እንደሞላው እያወቁ።

ቁመታቸው አጭር ነው። እጃቸው የማይደርስበትን ላይኛውን ክፍል የሚቀባው ተስፋሁን ነበር። ልጁ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በሞያሌ ከወጣ ወዲህ ያ ክፍል አሮጌ ቀለሙን እንደያዘ ቀረ። አንድ ቀን፣ «እኔ ቀውላላዋ እያለሁ? ይስጡኝ ልቀባው» አልኳቸው።

«የልጄ ድርሻ ነው፤ ማንም አይነካውም» አሉ። ቀልድ አልነበረም።

አምና፣ መስቀል ሊደርስ ወር ሲቀረው፣ ተስፋሁን ደወለ። መንገዱ አልሆነለትም፤ እየተመለሰ ነው። «እማዬ፣ ላይኛውን እንዳታስነኪ፣ ለመስቀል እደርሳለሁ» አላቸው። እትዬ ይመኙሻል ያን ቀን ሱቄ መጥተው፣ ምንም ሳይገዙ፣ ዝም ብለው ቆመው ሳቁ።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደሥላሴ ሱቄን ዘግቼ እንድመጣ ላኩብኝ። ቤታቸው ሰባት የሰፈር ሰው ተቀምጧል። ከተስፋሁን ጋር የነበረ ልጅ ደውሎላቸው ኖሯል። ተስፋሁን መንገድ ላይ ወባ ያዘው፣ ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት።

«በዓል አፋፍ ላይ መርዶ አይነገርም» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ። «መስቀልን ይዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አብረን እንነግራቸዋለን።»

ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

በማግስቱ እትዬ ይመኙሻል በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። «ኸይሪያ፣ ነይማ ባልዲውን ያዢልኝ፤ ወገቤ እምቢ ብሏል።»

ታምሜአለሁ ማለት እችል ነበር። ሄድኩ። ነጩን አፈር በጥብጬ ከኋላቸው ቆምኩ። እያንጎራጎሩ ቀቡ። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርሱ፣ «ዘንድሮ ዝቅ አድርጌ ነው የምስለው፣ እሱ መጥቶ ላይኛውን ሲቀባ ቦታ እንዲያገኝ» አሉ። እንባዬ አመለጠኝ።

«ምነው አንቺ?»

«አፈሩ ዓይኔ ገባ» አልኩ።

ሥራቸውን ጥለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ፤ እፍ አሉልኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔን ገልጬ እፍ አስባልኳቸው።

የመስቀል ዕለት በሩን ገርበብ አድርገው ተቀምጠው ዋሉ። መንገዱ ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ይወጣሉ፤ ይመለሳሉ። እኔ ከሱቄ ሆኜ አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገባን። የቦንጋ ዝናብ መስከረምን መች ይለቃል፣ ግድግዳው ገና እርጥብ ነበር። መተላለፊያው ጠቦን ስንጋፋ አፈሩ በየልብሳችን ተለቀለቀ፤ ቅርንጫፉ በትከሻችን ተፋቀ። እትዬ ይመኙሻል ከሳሎን ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ያዩት ግድግዳውን ነው።

«ቀስ በሉ እንጂ! ልጄ ሳያየው» አሉ።

ከዚያ ፊታችንን አዩ።

ከመርዶው በሰባተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል እጄን ያዙኝ። «ጋሽ ወልደሥላሴ ከበዓሉ በፊት ሰምተን ነበር አሉኝ። እውነቱን ንገሪኝ። ስቀባ ታውቂ ነበር?»

እጃቸው ጥፍሩ ሥር ነጩ አፈር አልለቀቀም ነበር። «አላውቅም ነበር» አልኩ። «እኔም የሰማሁት መርዶው ዕለት ጠዋት ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ሌሎቹ ልጄ መሞቱን እያወቁ ለመምጫው አስቀቡኝ። እንዴት ብለው ነው የሚያዩኝ?»

ከዚያ ወዲህ ለጋሽ ወልደሥላሴ ሰላምታ ነፈጉ። በሰባቱ ፊት በራቸውን ዘጉ። ከሰፈሩ ሰው የሚያስገቡት እኔን ብቻ ነው። ግድግዳው ትከሻችን እንደፋቀው ዓመቱን ከረመ።

ዘንድሮ መስቀል ሳምንት ሲቀረው በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ባልዲ ሊያሲዙኝ መስሎኝ ሄድኩ። ታችኛውን ለስነው ቀብተው ጨርሰዋል፤ ቅርንጫፍ ግን አልሳሉም። መቀቢያውን ጨርቅ እጄ ላይ አኖሩት።

«ላይኛውን ቀቢልኝ» አሉ። «የልጄን ድርሻ ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር። አንቺ ግን አልዋሸሽኝም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ዘንድ ዓመት አድሮ አልጠራም። ልንገራቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ብነግራቸው በዚያ በር የሚገባ አንድም ሰው አይቀራቸውም። ጨርቁን ነክሬ ክንዴን ወደ ላይ ዘረጋሁ። እሳቸው ባልዲውን ይዘው ከሥሬ ቆሙ።

«ቀና ስትዪ ተጠንቀቂ» አሉኝ። «አፈሩ ዓይንሽ እንዳይገባ።»