ጎሹ ወይስ ባለሁለት ዓይኗ

የወንዝ ዳሯ ከተማ የሳዴክ ፎቶ አንሺ ኪየም ሁለት ካሜራ ነበረው። አንደኛው ጥቁርና ከባድ ነው፤ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ጎረምሳ ሳይቀር ያጎብጣል፤ ስሙንም ጎሹ ብሎታል። ሁለተኛዋ ትንሽ ሣጥን መሳይ ናት። ፊቷ ላይ ሁለት ሌንሶች ከላይና ከታች ተደርድረዋል፤ የሚታየው ደግሞ አናቷን ከፍቶ ቁልቁል ወደ ውስጧ ነው። እሷን ባለሁለት ዓይኗ ይላታል። ሁለቱም የሚጎርሱት ያንን ሰፊውን ፊልም ነው፤ ፎቶው በር አክሎ ቢታተም እንኳ የፊት መስመር አይጠፋም።

የኪየምን ማንነት ማወቅ የፈለገ የካሜራ አያያዙን ይይ። እኛ ወንዝ ዳር እርጥበቱ ለጉድ ነው። ልብስ ይሻግታል፣ ጫማ ይሻግታል፣ የካሜራ ሌንስማ ሆዱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አብቅሎ ቁጭ ይላል። ኪየም ሩዝ እስኪጠቁር ይቆላና በጨርቅ ቋጥሮ ከካሜራዎቹ ጋር ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይከታል፤ እርጥበቱን ሩዙ ይጠጣለታል። ሩዙ ሲለሰልስ ሌላ ይቆላል። ዕድሜ ልኩን እንዲህ አደረገ፤ አንድ ቀን ሰልችቶት አያውቅም።

«ለካሜራ የቆላኸውን ሩዝ ለእኔ ቀቅለህልኝ ቢሆን ይሄኔ በር አይበቃኝም ነበር» ትለዋለች ሚስቱ ታም።

ይሁን እንጂ ሥራው ሳሳ። የሰርጉም የልደቱም ፎቶ በስልክ ሆነ። ለኪየም የቀረው የአዛውንቶች ፎቶ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ይህን ፎቶ በደህና ቀኑ ተነስቶ ያስቀምጣል፤ ሲሞት የሙት አያቶቹ ፎቶ በሚቆምበት መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ልጅ ልጆቹም ዕጣን ለኩሰው ይሰግዱለታል። ለዚህ አንድ ካሜራ ይበቃል። ያልተነካ ካሜራ ደግሞ እዚህ አገር መሞቱ ነው፤ ሩዙም አያድነውም። ኪየም ይህን ቆሞ ማየት አልሆነለትም።

«ሥራ ፈትቶ እጄ ላይ ከሚሞት፣ ለሚያሠራው ልሽጠው» አለ።

ዚየም የምትባል የካንቶ ከተማ ወጣት ፎቶ አንሺ አንዱን ልትገዛው ተስማማች። የቱን እንደሚሸጥላት ለራሱ ተወችለት፤ የአዲስ ዓመቱ የቴት በዓል ከመድረሱ በፊት መጥታ ትወስዳለች።

«ጎሹን ሽጥና ተገላገል» አለች ታም። «ትከሻህን ጨረሰው እኮ። ደግሞ የማሸው እኔ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጎሹ የሽፋሽፍት ጥላ ሳይቀር ያወጣል።»

«የሽፋሽፍት ጥላ ስጠኝ ያለህ ማነው?»

ኪየም ግን የሚያስበው እህቱን ነበር። እትዬ ንጋ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። አበባ አብቃይ ናት፤ ማሰሮዎቹ ውሃ ላይ በቆመ ቆጥ ተደርድረው እሷ በታንኳ መሀል ለመሀል እየሄደች ታጠጣለች። ኪየምም ያደገው በዚያች ታንኳ ላይ ነው። የአገሩን ሽማግሌ ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ፣ እሷን ብቻ እንቢ አለችው። «ፎቶዬን ከተነሳሁማ ለመሄድ ተሰናድቼ ጨረስኩ ማለት ነው። አበባዬን ማን ሊያጠጣልኝ?» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት ግን ሳል ያዛት፤ አልለቅ አላት። አንድ ቀን ራሷ «በል ና አንሳኝ» ብላ ላከችበት። ገና ያልተወለዱት የልጅ ልጆቿ እሷን የሚያውቋት በዚህች አንዲት ፎቶ ነው፤ ብትበላሽ ሌላ ቀን መኖሩን ማን ያውቃል? ለእትዬ ንጋማ ከሁሉ የሚበልጠው ይሁንላት ብሎ ኪየም ጎሹን ሊያስቀር ቆረጠ። ባለሁለት ዓይኗን ወልውሎ፣ አዲስ የተቆላ ሩዝ ጨምሮላት፣ ለዚየም በቦርሳ አሰናዳት።

እትዬ ንጋ ጥቁር ሰማያዊ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ኪየም ጎሹን ፊቱ ላይ ደቅኖ አነሳት። ጎሹ ሲያነሳ በር በንፋስ እንደተዘጋ ጓ ይላል። ኪየም ፊልሙን አጥቦ፣ አትሞ፣ በማግስቱ ወሰደላት።

«ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ፣ እትዬ።»

«እኔ ነኝ? ቀረጥ ልትሰበስብ የመጣች ነው የምትመስለው። ልጆቹ እኮ ዕጣኑን ሳይለኩሱ ይሸሹኛል።»

እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የኪየም ቅስም ግን ስብር አለ። እውነቷን ነዋ! ሽፋሽፍቱ አለ፣ የግንባሩ መስመር አለ፣ እትዬ ንጋ ግን የለችም። እንደገና ሞከረ፤ እያጫወታትም ሞከረ። ጎሹን ከፍ ባደረገ ቁጥር አፏ ግጥም ይላል።

«ምን ሆነሽ ነው? እኔ እኮ ነኝ።»

«የታለህ?» አለችው። «ያንን ጥቁር ነገር ስትደቅን አንተ ትጠፋለህ። ለማን ብዬ ፊቴን ልፍታ?»

በነጋታው ዚየም ከካንቶ መጣች። ኪየም ቦርሳውን ሊያቀብላት ዘረጋና መልሶ ደረቱ ላይ ያዘው። እህቱ ያለችው ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነው ነበር ያደረው።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልዋሳትና ልመልስልሽ።»

«ጋሼ ኪየም፣ ገና የአንተው ናት እኮ» አለችና ዚየም ሳቀች። አብራውም በታንኳ ሄደች።

እትዬ ንጋ አሁንም ቀሚሷን ለበሰች፤ እያጉረመረመች። ኪየም ፊቷ ቆሞ ባለሁለት ዓይኗን ሆዱ ላይ ያዘ፣ ክዳኗን ከፈተ፣ አንገቱን ደፍቶ ቁልቁል ወደ መስታወቱ አየ። በዚህች ካሜራ ሌላ አነሳስ የለም፤ ሰውን የሚያነሱት ለሰውዬው እጅ እንደሚነሳ አጎንብሰው ነው። መስታወቱ ላይ የእህቱ ምስል ወጣ፤ ግራዋ በቀኝ፣ ቀኟ በግራ ሆኖ።

«አናትህ በራ እንዴ?» አለች እትዬ ንጋ።

«ከበራ እኮ ቆየ፣ እትዬ።»

«እኔ መች አየሁት። በቁመት ከበለጥከኝ ጀምሮ አናትህን አይቼው አላውቅም።»

ያንን አናት ከታንኳው ጠርዝ አዘንብላ በወንዝ ውሃ ያጠበችው፣ ቅማሉን የለቀመችው እሷ ነበረች። ኪየም ቀና አላለም። የተዘጋው አፏ ሲላላ፣ ዓይኗ ሲለሰልስ መስታወቱ ላይ አየ። እንባው ግጥም አለና ምስሉ ደበዘዘበት፤ ጣቱ ግን የለመደውን አያጣም፤ ማንሻዋን ተጫነ። ባለሁለት ዓይኗ ድምጿ አይሰማም።

«በል እንግዲህ አንሳኝ፤ ወገቤን አመመኝ» አለች።

«አንስቼሻለሁ።»

ጎሹ ወደ ካንቶ ሄደ። ዚየም ደስ ብሏት አንገቷ ላይ አንጠልጥላው፣ በክብደቱ ወደ ፊት ዘንበል ብላ ታንኳው ላይ ወጣች። ታምም ሳትምረው «አላልኩህም?» አለችው።

እትዬ ንጋ ያንን ቴት አክብራ፣ አበባዋን ሸጣ፣ ዝናቡ ሲገባ አረፈች። ፎቶዋ የአያቶቹ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ልጆቿ ሰገዱ፣ የልጅ ልጆቿ ሰገዱ፣ ታምም ሰገደች። ታም ስትነሳ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«እንዲህ ብላ አይታኝ አታውቅም» አለች በቀስታ። «ገና ጎንበስ ስል፣ እኔን እንደ ልጇ አየችኝ።»

ኪየምም ተራው ደርሶ ተንበረከከ። ያን ቀን እትዬ ንጋ ያየችው ካሜራ አልነበረም፤ ከፊቷ ያጎነበሰ ወንድሟን ነበር። ከእንግዲህ ለእሷ የሚያጎነብስ ሁሉ፣ ገና ያልተወለደውም፣ የሚታየው በዚያው ዓይን ነው። ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ፣ አናቱን ለእህቱ ሰጥቶ፣ ብዙ ቆየ።