ከማማው ላይ የታየው

በጥቅምት ወር፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሂርና በታች ባለ የማሽላ ማሳ ውስጥ አንድ ገበሬ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ዘመኑ የ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። የተከሰሰው ድንበርተኛው ነው፤ ሁለቱ በመሬት ወሰን ሲጣሉ ኖረዋል።

ጉዳዩ ጥር ላይ አሰበ ተፈሪ ከተማ ችሎት ላይ ተሰማ። እኔ ለጋዜጣ ልዘግብ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ከእነሱ ሌላ ፈራጅ የለም። ጥፋተኛ ካሉት ሰውየው ይሰቀላል።

ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበው የዓይን ምስክር አንድ ብቻ ነበር፤ የሟች ጎረቤት የሆነ፣ አማርኛ የሚችል ሽማግሌ። ቁርአን ይዞ ማለና፣ ማሳው ዳር ካለ ማማ ላይ ሆኖ ወፍ ሲጠብቅ ሁለቱ ተከታትለው በማሳው ውስጥ ባለው መንገድ እንደገቡ፣ ተከሳሹ ጩቤ መዝዞ ሲወጋ እንዳየ፣ ብቻውንም እንደወጣ ተናገረ። ተከሳሹ ግን "በዚያ አልፌያለሁ፤ አልነካሁትም" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም።

የመሐል ዳኛው ቦታውን ካላየሁ አልፈርድም አሉ። በማግስቱ ሁላችንም ሂርና ወረድን። ማሽላው ታጭዷል፤ ማማውም ፈርሷል። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታያል።

"ይኸው፣ ሁሉም ይታያል" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

"ጥቅምት ላይ እንዲህ ነበር?" አሉ ዳኛው።

ማማው በዚያው ጉድጓድ፣ በዚያው ግንድ እንደገና ተተከለ። የመንደሩ ሰዎች ለከብት ካከማቹት አገዳ እያመጡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በታጨደው ማሳ ላይ አቁመው ያዙ። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ዳኛው ኮታቸውን አውልቀው ከሽማግሌው ጋር ማማው ላይ ወጡ።

"ዳኛው ወፍ ሊጠብቁ ነው!" አለ አንድ የጫት ነጋዴ።

"ወንጭፍ አቀብላቸዋ!" አለው ጓደኛው። ሰው ሳቀ።

አንድ ፖሊስና የችሎቱ የኦሮምኛ አስተርጓሚ ተከታትለው በአገዳው መሐል ገቡ።

"አባቴ፣ ፖሊሱ በእጁ ምን ይዟል?"

ሽማግሌው አንገቱን አስግጎ አየ። "እጁ አይታይም፣ ጌታዬ። ኮፍያው ነው የሚታየኝ።"

"አገዳውን ከያዙት ሌላ ውስጥ ስንት ሰው አለ?"

"ሁለት።"

"ተነሳ!" ብለው ተጣሩ ዳኛው። አስቀድመው አገዳው ውስጥ ቁጭ ያስደረጉት የችሎት ዘበኛ ብድግ አለ።

"ታዲያ ጩቤውን በምን አዩት?"

"ሁለት ገቡ፣ አንዱ ወጣ" አለ ሽማግሌው። "ሌላ ማን ይወጋዋል? አየሁ ካላልኩ አታምኑኝም ብዬ ነው።"

ፍርዱ በሳምንቱ ተነበበ። የግራ ዳኛው፣ የቆየው ጠብና የሽማግሌው ቃል ይበቃል ብለው በሐሳብ ተለዩ። ሁለቱ ግን፣ ምስክሩ ሲወጋ አላየም፣ ሌላ ሰው ማሳው ውስጥ አለመኖሩንም ሊያውቅ አይችልም አሉ። ተከሳሹ በነፃ ተለቀቀ። የሟች ሚስት ከወንበሯ ተነስታ በኦሮምኛ ተናገረች። አስተርጓሚው ማንም ሳያዘው ተረጎመው፦

"ታዲያ የገደለው የማን እጅ ነው?"

ዳኞቹ መዝገቡን ዘግተው ተነሱ።

ማታ ሻይ ቤት በር ላይ የመሐል ዳኛውን አገኘኋቸው። "እርስዎ ገድሎታል ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ይመስለኛል" አሉ። "የሚመስለኝን ቤቴ ይዤው እገባለሁ እንጂ ችሎት ላይ አላነበውም። ይህን ደግሞ እንዳትጽፈው።" በሕይወት እስካሉ ድረስ አልጻፍኩትም።

ይግባኝ አልተጠየቀም። በሚቀጥለው ጥቅምት በሂርና ሳልፍ ማማው እዚያው ቦታ ቆሞ ነበር፤ ላዩ ላይ ወንጭፍ ይዛ ወፍ የምትጠብቀው የሟች ሚስት ናት። ከአውራጃው እስከተዛወርኩ ድረስ በዚያ ግድያ ሌላ የተከሰሰ ሰው አልነበረም።